ጥንቸሏ ልጇን ጣለች ወይ?

የሳምንቱ ንባብ፦ ዘፍጥረት 21፥8-21፣ ኢሳይያስ 49፥15፣ ኢዮብ 39፥13-17



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጥንቸል ነው። አትሳቁ። እዚህ ካኩማ ከቤታቸው ጀርባ በሽቦና በእንጨት ቤት ሠርተው ጥንቸል የሚያረቡ ልጆች እንዳሉ ታውቃላችሁ። አገር ቤት ጥንቸል ሲበላ ብዙም አላየንም፣ ዘሌዋውያን 11፥6 ላይም ከማይበሉት ጋር ተቆጥራለች። ስለዚህ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ደግሞ ምን አመጣው» ትሉ ይሆናል። የመብላቱን ነገር ለሌላ ቀን እንተወው። የኮንጎና የቡሩንዲ ጎረቤቶቻችን ይገዟታል፣ ልጆቹም ለደብተርና ለሳሙና የሚሆን ያገኙባታል። እኔ ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው።

ልጆቹ አንዳንድ ጊዜ እየሮጡ ይመጣሉ። «እናቲቱ ልጇን ጣለችው!» ይላሉ። መዳፋቸው ላይ ፀጉር የሌለው፣ ዓይኑ ያልተከፈተ፣ የአውራ ጣት ያህል ነገር ይዘዋል። ያን ጊዜ እኛ ትልልቆቹ ለሁለት እንከፈላለን። አንዱ «ተዉት፣ እናቱ ያልፈለገችውን እናንተ ምን ልታደርጉት ነው? ወተት ለሰው ልጅም አልተገኘ» ይላል። ሌላው አንጀቱ ይላወስና ወተት ፍለጋ ይነሣል። ሁለቱም አንድ ነገር ሳይጠይቁ አልፈዋል። ለመሆኑ በእውነት ጥላዋለች ወይ?

የጥንቸል እናትነት እንደ ድመት አይደለም። ድመት ልጆቿን አቅፋ ትውላለች። ጥንቸል 31 ቀን ያህል ታረግዝና ልትወልድ ስትል ከሆዷና ከአንገቷ ሥር ፀጉሯን በአፏ እየነጨች ጎጆዋን ታነጥፋለች። የገዛ ፀጉሯን እኮ ነው። ከወለደች በኋላ ግን ልጆቹን በዚያ ፀጉር ሸፍና ትሄዳለች። በቀን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ወይም ሊነጋ ሲል ትመጣለች። ሦስት አራት ደቂቃ ታጠባለች፣ ወዲያው ዘልላ ትወጣለች። ወተቷ ከላምም ከፍየልም ይልቅ ቅባቱ የበዛ ወፍራም ነው፣ ለዚያ ነው ልጆቹ እስከ ማግሥቱ የሚችሉት።

ለምን አጠገባቸው አትቀመጥም? ዱር ለዱር የምትኖረውን አስቡ። ቀበሮ አለ፣ እባብ አለ። እርሷ ጎጆው ላይ ብትውል ጠላት በሽታዋ ተመርቶ ይመጣል። ስለዚህ ትርቃለች። የቤቷም ጥንቸል ይህንኑ ጠባይ ይዛለች። መራቋ ጥበቃዋ ነው።

እንግዲህ በቀን የሚያይ ሰው ምን ያያል? ብቻቸውን የተኙ ልጆችና ወዲያ ማዶ ቅጠል የምታኝክ እናት። «ወይ ጭካኔ!» ይላል። እርሱ ተኝቶ ሳለ የሆነውን ማን ይንገረው? ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎች ግን እናቲቱን አይመለከቱም፣ የልጁን ሆድ ነው የሚያዩት። ሆዱ ክብ ብሎ ከሞላ፣ ገላው ከሞቀ፣ ዝም ብሎ ከተኛ፣ ማታ እናቱ መጥታ ነበር ማለት ነው። ቆዳው ከተጨማደደ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሲነኩት እየተንፈራገጠ ከጮኸ ግን አልጠባም።

ሌላም አለ። አንዱ ልጅ ጡት ሳይለቅ እናቲቱ ዘልላ ከወጣች ተንጠልጥሎ ይወጣና ውጭ ይወድቃል። ድመት ብትሆን በአፏ አንሥታ ትመልሰው ነበር። ጥንቸል ይህን አታውቅበትም። ስለዚህ ውጭ የተገኘው ሁሉ የተጣለ አይደለም፣ የወደቀም አለ። አሙቆ ወደ ወንድሞቹ መመለስ ነው። የሰው እጅ ከነካው እናቱ አትቀበለውም የሚባለውም ለቤት ጥንቸል ብዙም አይሠራም። እጅን በጎጆው ሣር አሸት አድርጎ መመለስ ይበቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በየብሎካችን ከአያት ጋር፣ ከአክስት ጋር፣ ከጎረቤት ጋር የሚያድጉ ልጆች አሉ። እናቶቻቸው አንዷ ናይሮቢ ወርዳ ሰው ቤት ትሠራለች፣ አንዷ ጁባ ተሻግራለች፣ የአንዷ ወሬም ከጠፋ ቆይቷል። እኛ ውሃ ሰልፍ ላይ ሆነን ምን እንላለን? «ልጇን ጥላ ሄደች።» ልጁ እዚያው ጄሪካን ይዞ ቆሟል፣ ይሰማል። ማታ ማታ በኤምፔሳ የምትልከውን ግን ሰልፉ አያይም። የልጁ ዩኒፎርም ከየት መጣ? አያቲቱ ራሽን ከተቆረጠ ወዲህ በሚሰጣቸው ብቻ ወሩን አድርሰው ነው? የልጁን ሆድ እዩ ወገኖቼ። ከዚያ በኋላ ስለ እናቲቱ እንነጋገራለን።

አጋርን ተመልከቱ። በእጃችን ያለው የቀድሞው ትርጉም በዘፍጥረት 21፥15 ላይ ልጁን ከቁጥቋጦ በታች «ጣለችው» ይላል። ቃሉ አለ፣ እኔ አልሸሽገውም። ነገር ግን እዚያ ላይ መጽሐፉን አትዝጉ። ከዚያ ቃል በፊት በአቁማዳው የነበረው ውሃ ማለቁ ተጽፏል። ከእርሱ ቀጥሎም ጥላው እንዳልሄደች እናነባለን። ቀስት ተወርውሮ የሚደርስበትን ያህል ርቃ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ ልጇ ሲሞት እንዳታይ ብላ ነው። ተቀምጣም አለቀሰች። ይህን ከሩቅ ያየ መንገደኛ ምን ይል ነበር? «ሴትዮዋን እዩዋት፣ ልጇ ጥላ ሥር እየሞተ እርሷ ወዲያ ተቀምጣለች!» የሚል ይመስለኛል። የእግዚአብሔር መልአክ ግን አልወቀሳትም። ምን ሆንሽ ብሎ ጠየቃት። ተነሥታ ልጁን እንድታነሣውና እጁን እንድትይዝ ነገራት፣ ዓይኗም ተከፈተና የውሃ ጉድጓድ አየች። የጎደላት ውሃ ነበር እንጂ ፍቅር አልነበረም።

ይህን ስል እናት ፈጽሞ አትጥልም ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብዬ ብሰብክ በመካከላችሁ ያሉት፣ በእውነት የተጣሉት፣ ውሸቴን ያውቁብኛል። ኢሳይያስ 49፥15ን ስንሰብክ እኛ አገልጋዮች አንድ ልማድ አለብን። እናት የምታጠባውን ልጅ ልትረሳ እንደማትችል አድርገን ተናግረን እናቆማለን። ጥቅሱ ግን አላለቀም። ልትረሳ የምትችል እናት እንዳለች ራሱ ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ ነው እግዚአብሔር ስለ ራሱ የሚናገረው። መጽሐፉ ከእኛ ይልቅ ደፋር ነው።

ጥንቸልም እንዲሁ ናት፣ የምትጥል አለች። በተለይ የመጀመሪያዋ ከሆነ ፀጉር ሳትነጭ ባዶ ሽቦ ላይ ትወልዳለች፣ ልጆቿን በየቦታው ትበትናለች፣ አንዳንዷም ትበላለች። ለምን ብትሉ ያረቡ ሰዎች የሚነግሯችሁ ተመሳሳይ ነው። ውሻ አስደንግጧት ነው፣ ምግብ አንሷት ነው፣ ከሁሉም በላይ ውሃ ጠምቷት ነው። የምታጠባ ጥንቸል ብዙ ውሃ ትጠጣለች። እኛ ደግሞ ቧንቧ በሰዓት የሚከፈትበት ቦታ፣ በዚህ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ሥር አስቀምጠናታል። ኢዮብ 39 ላይ እንቁላሏን መሬት ላይ ስለምትተው ሰጎን ተጽፏል። እዚያም ጥበብ እንዳልተሰጣት ይነገራል እንጂ ክፉ ናት አይባልም። ሰቆቃወ ኤርምያስ 4፥3 ደግሞ በተከበበችው ከተማ የነበረውን ሕዝብ ከሰጎን ጋር ያወዳድራል፣ ያም በረሃብ ዘመን ነው። እናት ስትጨክን ብታዩ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ውሃ መኖሩን ጠይቁ።

እሺ፣ በእውነት ተጥሎስ ከሆነ? መጀመሪያ ሙቀት ነው። የቀዘቀዘ ልጅ ወተት ቢሰጡት ሆዱ አይፈጨውም፣ ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልሎ ከገላ ጋር ማሞቅ ይቀድማል። በዚህ ሙቀት ይበርደዋል ወይ አትበሉ፣ ፀጉር የለውም፣ ለብቻው ሌሊቱን አይችልም። ቀጥሎ ሌላ እናት መፈለግ ነው። በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት የወለደች ጥንቸል ጎረቤት ካለች፣ የእርሷን ጎጆ ፀጉር አሽቶ ከልጆቿ መሃል ማስገባት ነው። ጥንቸል አብዛኛውን ጊዜ የሌላዋን ልጅ አትለይም፣ ታጠባለች። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የራሷን አትሰበስብም ያልናት እንስሳ የሰውን ልጅ ሳትጠይቅ ታሳድጋለች። ወይም ደግሞ የገዛ እናቱን ቀስ ብሎ ይዞ ልጁን ከጡቷ ሥር ማስጠጋት ይቻላል፣ በቀን አንዴ ቢሆን ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የፍየል ወተት ነው። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ ልጁን በሆዱ ይዞ እንጂ በጀርባው ሳያስተኙ፣ ጠብታ በጠብታ ይሰጣል። ከተቸኮለ ወተቱ ሳንባ ይገባና ይሞታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ነው። ካጠቡት በኋላም ሆዱን ከታች በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ማሸት ያስፈልጋል፣ እናቱ እየላሰች የምታሸናውን እናንተ ታደርጉለታላችሁ ማለት ነው። ዓይኑ የሚከፈተው በ10 ቀን ገደማ ነው። እስከዚያ ብዙዎቹ አይደርሱም። ይህንንም እነግራችኋለሁ።

አሁን ያ «ተዉት» ያለው ወንድም ይነሣል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ከቱርካና እናቶች የሚገዛው ወተት ውድ ነው፣ በብሎካችን ባዶ ሻይ ጠጥቶ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ። ታዲያ ለማይተርፍ የጥንቸል ልጅ ወተት መስጠት ኃጢአት አይሆንም ወይ?

እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። አንድ ስኒ ወተትና አንድ የራበው ሕፃን ብቻ ካሉ ወተቱ የሕፃኑ ነው፣ ክርክር የለውም። ጌታችን በማቴዎስ 10 ስለ ድንቢጦች ሲናገር ሰው እንደሚበልጥ ገልጿል። ድንቢጧ ግን ምንም አይደለችም አላለም። የቀኑ ሁሉ ተደምሮ የሶዳ ጠርሙስ ክዳን የማይሞላ ነገር ነው የምንነጋገረው። ያንን ከራስ ሻይ ላይ መቀነስ ይቻላል። ደግሞም እዳ አለብን። ዱር ያለችው ጥንቸል ጉድጓዷን ራሷ ትቆፍራለች፣ ቦታዋን ራሷ ትመርጣለች። ይችኛዋን ሽቦ ውስጥ ያስገባናት እኛ ነን፣ የምትበላውም የምትጠጣውም በእኛ እጅ ነው። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ይናገራል፣ ለራሱ እንስሳ ማለት ነው።

ሌላው የሚከብደኝ ነገር ሒሳቡ ራሱ ነው። «የማይተርፍ ከሆነ ለምን ይወጣበታል?» ይህን ሒሳብ እኛ እናውቀዋለን። በምድብ ተከፋፍለን፣ ለማን የበለጠ፣ ለማን ያነሰ እንደሚሰጥ፣ ለማን ምንም እንደማይሰጥ ሲነገረን ሰልፍ ላይ የቆምን ሰዎች ነን። ምናልባት ያደላደሉትም ጨካኞች አይደሉም፣ የያዙት ነገር አንሶባቸው ይሆናል። ነገር ግን ያ ሒሳብ ሲወርድብን ምን እንደተሰማን እያወቅን፣ መዳፋችን ላይ ላለው ለማንም ለማይናገር ፍጥረት ስንደግመው አፋችንን ሊይዘን ይገባል።

በቅርቡ አንድ የሰንበት ትምህርት ልጅ ሁለት ይዞ መጣ። ሆዳቸው ገብቶ ነበር፣ እናቲቱም በመጀመሪያ ወሊዷ ውጭ በትናቸዋለች። አንዱን ጎረቤት የወለደች ጥንቸል ነበረችና እዚያ አስገቡት፣ አሁን ቅጠል ይበላል። ለሁለተኛው ጎጆው ሞላ ተብሎ በፍየል ወተት ተያዘ። ልጁ ጠዋትና ማታ ሳይሰለች አጠባው፣ ሌሊት ከሸሚዙ ሥር አሳደረው። በስድስተኛው ቀን ሞተ። ልጁ አላለቀሰም፣ ግን «እናቱ ስለጣለችው ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህ ልጅ ማን ጋር እንደሚያድግ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ጥያቄው ስለ ጥንቸል ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። «እናቱ ውሃ ጠምቷት ነበር» አልኩት። ጥቂት አሰበና የተዋሰውን ሲሪንጅ አጥቦ ለባለቤቷ ሊመልስ ሄደ። እናት ጥንቸሏ ፊት አሁን ሁለት የውሃ ቆርቆሮ አለ፣ አንዱ ቢደፋ ብሎ ነው።

ረቡዕ ማታ በየቤቱ በምናደርገው ጸሎት እናቶቻቸው ሩቅ ያሉትን ልጆች በስማቸው እየጠራን እንጸልይላቸዋለን። የእናቶቹንም ስም አያቶች ይዛችሁ ኑ። ጸጋ ይብዛላችሁ።