መርዶና ፈጣኑ ኔትወርክ

ለመሆኑ ለአንድ ሰው የወንድሙን ሞት ለመንገር ስንት ጊዜ ያስፈልጋል? ጥያቄው የእብድ ይመስል ይሆናል። «ወንድምህ ሞተ» ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ይሁንና እኛ ለዚህች የሁለት ሰከንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሙሉ ሌሊት ስንመድብላት ኖረናል። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ለጎረቤት በምስጢር ይነገራል፤ የሰውየው የልብ ወዳጅ ተፈልጎ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው እራቱን በልቶ፣ ያችን ሌሊት ተኝቶ እንዲያድር ይተዋል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። በሩን የከፈተው ሰው ገና አንድ ቃል ሳይሰማ ነገሩ ይገባዋል። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ለሌላ ጉዳይ አይመጣምና።

ቋንቋችንም ልዩነቱን ያውቃል። ወሬ ይወራል፣ ዜና ይነገራል፤ የሞት ነገር ሲሆን ግን «መርዶ አረዱት» እንላለን፤ የሰማውንም ሰው «ተረዳ» እንለዋለን። «ተረዳ» የምንለው ግን ነገር የገባውንም ሰው ነው። «ረዳ» ስንል ደግሞ አገዘ ማለታችን ነው። እነዚህ ቃላት እንዲህ ተመሳስለው ከአንድ አፍ መውጣታቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። በልማዳችን ሞትን መንገር፣ ሐዘንተኛው ነገሩ እንዲገባው ማድረግና በዚያው ቅጽበት ደግፎ መያዝ የአንድ ሰው፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ናቸውና።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ስልክ ኔትወርክ ልጽፍ ፈልጌ ነው።

ሞባይል ስልክ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ የሚሉት፣ በተለምዶ ፎር ጂ የምንለው ፈጣን መስመር አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም ይህንኑ ለክልል ከተሞች ማዳረስ ያዘ። በ2014 ዓ.ም. የአምስተኛው ትውልድ ሙከራ በአዲስ አበባ ተበሠረ። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ሲያስጀምር፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በመንግሥት እጅ ብቻ የኖረው የስልክ ሥራ ተፎካካሪ መጣበት። የፉክክሩም ዋና መፈክር ፍጥነት ሆነ። ማስታወቂያው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም፤ መልሱ የታወቀ ይመስላል። ፈጣን ነገር ጥሩ ነው፤ በጣም ፈጣን የሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

በእውነት ሁልጊዜ እንዲህ ነውን?

ገሱባ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የኦፋ ወረዳ ከተማ ናት። ወላይታ ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት የሆነበት አገር ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ ወደ ሶዶ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሰፋፊ እርሻዎች፣ አንዳንዱም እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ። በየቤቱ የሄደ ልጅ አለ። እንዲህ ባለ አገር ስልክ ጌጥ አይደለም፤ ቤተሰብን እንደ ቤተሰብ ያቆየው ክር እርሱ ነው። ስለዚህም የመስመሩ መፍጠን ገሱባን ከቦሌ ይልቅ ይመለከታታል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። የቦሌው ሰው በፈጣኑ መስመር ፊልም ያያል፤ የገሱባዋ እናት የልጅዋን ፊት ታያለች።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሦስት ሜጋ ባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ በሰከንድ 200 ኪሎ ቢት በሚያሳልፍ የሁለተኛው ትውልድ መስመር ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት በሚያሳልፍ ፎር ጂ አንድ ሰከንድ ከጥቂት ነው። አሥራ አምስት ሜጋ ባይት የሆነች አጭር ቪዲዮ በመጀመሪያው መስመር አሥር ደቂቃ፣ በሁለተኛው ስድስት ሰከንድ ትወስዳለች። ይህ የጊዜ ልዩነት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጊዜ የበለጠ ነገር ለውጧል። በቀርፋፋው መስመር ፎቶና ቪዲዮ ለመላክ የሚታገል ሰው ጥቂት ስለነበረ ሰው ይደውል ነበር። ደዋይ ደግሞ አፍና ጆሮ አለው። የሚሰማውን ሰው ድምፅ ይሰማል፤ «አጠገብህ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይፈራል፤ «እስቲ ለአባትህ ስጠው» ይላል፤ አንዳንዴም መናገር አቅቶት ስለ ዝናቡ አውርቶ ይዘጋል። ፎቶግራፍ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ማን እንዳየው፣ የት ሆኖ እንዳየው፣ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ አይጠይቅም። መስመሩ ሲፈጥን መልእክቱ ያለ መልእክተኛ መጓዝ ቻለ።

ገሱባ ለቅሶ ደርሼ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ለሥራ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በሄደበት አገር በመኪና አደጋ ሞተ። አብረውት የነበሩት ልጆች ለአጎቱ ደወሉ። አጎቱም ባህሉ እንደሚያዘው ሽማግሌዎችን አሰባስበው ንጋት ላይ ሊያረዱ ተስማሙ። በዚያው ምሽት ግን ከሟቹ ጓደኞች አንዱ ፎቶውን ከሻማ ሥዕል ጋር አድርጎ «ነፍስህን በገነት ያኑራት» ብሎ ለጠፈው። የአሥራ ስድስት ዓመት እኅቱ ጓዳ ውስጥ ሆና ስልኳን ስትከፍት የወንድሟ ፊት መጣባት። እናቲቱ የልጃቸውን ሞት የሰሙት ከዚህች ልጅ ጩኸት ነው። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ ቢደርሱ ሊያረዱ የመጡበት ቤት ውስጥ ለቅሶ ደራሽ ሆነው ተቀመጡ።

የለጠፈው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ጓደኛው ሞቶበታል፤ አልቅሷል፤ የዘመኑ ለቅሶ ደግሞ በዚያ በኩል ይወጣል። ቤተሰቡም አልወቀሱትም። እኔን ያሳሰበኝ የልጅቱ ነገር ነው። ሐዘኑ ያው ሐዘን ነው፤ ንጋት ላይ ብትሰማውም ወንድሟ አይነሣም። ነገር ግን ያን ሸክም ስትሸከም የሚይዛት እጅ አልነበረም። በዚያ ላይ ማንም ሳይመርጣት፣ ሳትዘጋጅ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለገዛ እናቷ መርዶ ነጋሪ ሆነች። ይህን ሥራ ልማዳችን ለአንድ ሽማግሌ እንኳ ብቻውን አይሰጠውም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎችን ሲረሽን አገሩ የሰማው በማግሥቱ ከሬዲዮ ነው፤ ከሰሚዎቹም መካከል የሟቾቹ ቤተሰቦች ነበሩ። የባሕር ማዶውን ታሪክም እንይ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1965 በቬትናም፣ በኢያ ድራንግ ሸለቆ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ወደቁ። በጆርጂያ ግዛት በፎርት ቤኒንግ አካባቢ የነበሩት ሚስቶቻቸው መርዶውን ያገኙት በቴሌግራም ነበር፤ ቴሌግራሙን ይዞ በሩን የሚያንኳኳው ደግሞ የታክሲ ሾፌር ነበር። የጦሩ አዛዥ የሐል ሙር ባለቤት ጁሊያ ሙር ይህን መታገሥ አቃታት። ቴሌግራሙ የደረሰበትን ቤት እየተከተለች መሄድና ሐዘንተኞቹን ማጽናናት ጀመረች፤ ለሠራዊቱም አቤት አለች። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለውጦ መርዶው መኮንንና ቄስ በአካል ሄደው የሚነግሩት ሆነ። ቴሌግራም ያን ጊዜ የፍጥነት ምልክት ነበረ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሥልጣኔ ያለው ሠራዊት በመጨረሻ የደረሰበት መፍትሔ የእኛ አባቶች በየመንደሩ የሚያደርጉት ነው፤ ሰው ይሂድ፣ ብቻውንም አይሂድ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ብርቱ ተቃውሞ ሊያነሣብኝ ይችላል፤ ሁለቱንም ማለፍ አይገባኝም።

የመጀመሪያው ፍጥነት ሕይወት ያድናል የሚል ነው። እውነት ነው። ምጥ የጸናባት ሴት ከገሱባ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ስትላክ ባሏ ገንዘብ የለውም እንበል። ድሮ ወንድሙ አዲስ አበባ ቢሆን ገንዘቡ የሚደርሰው ሰው ተፈልጎ፣ ባንክ ተከፍቶ ነበር። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ ገንዘቡ በደቂቃ ይደርሳል። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ያሳሰበውን ቁስል ፎቶ አንሥቶ ሶዶ ላለ ሐኪም ሊያሳየው ይችላል። ይህን የሚቃወም ሰው ካለ እርሱ አገር ወዳድ ሳይሆን ዝግታ ወዳድ ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። መርዶን ማዘግየት ለደካሞች ማሰብ ብቻ አይደለም፤ የኃይለኞች መደበቂያም ሆኗል። በትግራይ ጦርነት ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እናቶች ልጆቻቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ረጅም ጊዜ አሳልፈዋል። የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። የተሰዉት ታጋዮች መርዶ ለቤተሰብ በይፋ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን የታወጀው ግን አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሩን የሚያንኳኳ ሽማግሌ አልነበረም፤ ዝምታ ብቻ ነበረ። እንግዲህ «ቀስ ይበል» የሚል ሰው ለማን ብሎ እንደሚል መናገር አለበት። ለሐዘንተኛው ብሎ ነው ወይስ ለራሱ?

እነዚህን ሁለት ተቃውሞዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ጥያቄው ራሱ የጠራልኝ መሰለኝ። ነገሩ የፍጥነትና የዝግታ ጠብ አይደለም። ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰሚውን «ተነሥ፣ አድርግ» የሚል ነው፤ የሕመም፣ የአደጋ፣ የእሳት፣ የጎርፍ ወሬ። ይህ ይሩጥ፤ አንድ ሰከንድም አይባክንበት። ሁለተኛው ሰሚው ምንም ሊያደርግበት የማይችል፣ ሊሸከመው ብቻ የሚገባው ወሬ ነው። ይህ ደግሞ በሰው እግር ይሂድ። መራመድ መቆም አይደለም። ሽማግሌው ሌሊቱን ያሳደሩት ጎህ ሲቀድ ሊናገሩ ነው፤ ዓመቱን ሊያሳልፉ አይደለም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መሬት ተንዶ ሰዎችን ዋጠ። ኡኡታውን የሰማ የአካባቢው ሰው በእጁ ጭቃ እየዛቀ ሊያወጣቸው ሮጠ፤ እርሱንም ሁለተኛው ናዳ ጨረሰው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። የመጀመሪያው ጩኸት ሊሮጥ የሚገባው ወሬ ነበር፤ ሮጠም፤ ሰዎቹም ስለ ጎረቤታቸው ሕይወታቸውን ሰጡ። በዚያው ሰሞን ግን የጭቃውና የአስከሬኑ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ከሩቅ ሆኖ ለተመለከተው ሰው ይህ ዜና ነው፤ እርዳታም አስገኝቷል። ለሥራ ወጥቶ የመንደሩን ስም በምስሉ ሥር ላነበበ ልጅ ግን መርዶ ነው፤ ያውም ነጋሪ የሌለው። አንዱ ምስል ለአንዱ የእርዳታ ጥሪ፣ ለሌላው መርዶ የሚሆንበት ዘመን ላይ ነን፤ መስመሩ ደግሞ ማንን ማን እንደሆነ አይለይም። የሟች ፊት ሳይታይ ለእርዳታ መጥራት ግን ይቻላል።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ምን ያድርጉ? ለእኔ እንደሚመስለኝ ምንም። የማሠራጫው ማማ ትዕግሥት እንዲያስተምር አንጠብቅም፤ መንገድ የሠራ ሰው በመንገዱ ላይ ለሚሄደው ሁሉ አይጠየቅም። ገሱባም ከማንም ከተማ የተሻለ እንጂ ያነሰ መስመር አይገባትም። ተጠያቂው ጣት ነው። ጣት ከመንካቱ በፊት አንዲት ጥያቄ ትበቃለች፤ ይህን አሁን ቢሰማ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ ወይ? ካለ ላከው። ከሌለ የሚያረዱት ሰዎች ደርሰው እንደሆነ ጠይቅ።

«ቀብሩስ ቢያመልጠው?» ትሉ ይሆናል። በአገራችን ቀብር በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀብር መድረስም ማድረግ ነው፤ ስለዚህ መቸኮል ይገባል። ፈጣኑ መስመር እውነተኛ በረከት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ድሮ መርዶ ነጋሪዎችን ለማሰባሰብ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ዛሬ የገሱባው አጎት በግማሽ ሰዓት ውስጥ አዲስ አበባ ላሉ ሦስት ዘመዶች ደውሎ፣ ልጁ ያለበትን ሠፈር አስይዞ፣ የመንገድ ገንዘብ ልኮ በሩን ሊያስንኳኳለት ይችላል። ፍጥነቱን መርዶ ነጋሪዎቹ ይጠቀሙበት፤ ሐዘንተኛውን ግን ሰው ይድረስለት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አባቶች። እህል ሲፈስ ይለቀማል። ከስልክ ላይ የፈሰሰ መርዶ ግን የሚለቅመው የለም፤ ለጣፊው ከደቂቃ በኋላ ቢያጠፋው እንኳ ያየችው እኅት አይታዋለች። ዛሬ እያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ድሮ ለተመረጡ ሽማግሌዎች ብቻ ይሰጥ የነበረው ሥልጣን ተቀምጧል። ሥልጣኑን ማንም አልሾመንም፤ መስመሩ ስለፈጠነ ብቻ አገኘነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሥራ ሲቀበሉ ሌሊቱን ሳይተኙ ያድሩ ነበር። እኛስ አንድ ደቂቃ ያህል እናስብበታለን ወይ?