በዋጋ ስለሚከፈት ደጅ

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን መንገደኛ በመሸበት ጊዜ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፥ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል እንደ ነበር ታውቃለህ። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ» ይለው ነበር። እግሩን ያጥቡታል፤ ከተገኘውም ያበሉታል፤ በነጋም ጊዜ ዋጋ የሚጠይቀው የለም። ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ነውር ነበርና።

ስለዚህም እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ ሆቴል ባሠሩ ጊዜ ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ሆነበት። እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት አሳፋሪ መስሎ ስለ ታየ፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው፥ በልተውና ሒሳብ ከፍለው ልማዱን አስጀመሩ ተብሎ ይነገራል። ዛሬ በዚህ የሚያፍር የለም። እኔም የሆቴልን ሥራ አልነቅፍም። ሠራተኛው ደመወዝ ይሻል፤ አንሶላው ይታጠባል፤ ውኃውም መብራቱም በዋጋ ነው። እንግዳን ሁሉ በነፃ የሚያሳድር ሆቴል ቢኖር ሳይውል ሳያድር በተዘጋ ነበር።

ዳሩ ግን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ማደሪያን በዋጋ የሚሸጥ ሰው፥ «ቤቱ የኔ ነው፤ የወደድሁትን አስገባለሁ፥ ያልወደድሁትን እመልሳለሁ» ይል ዘንድ ይገባዋልን?

ብዙዎች «አዎን፥ ይገባዋል» ይላሉ፤ በገዛ ገንዘቡ የሠራው ነውና። ነገር ግን አስተውል። በቤቱ በነፃ የሚያሳድር ሰው ማንንም አልጠራም፤ ከራሱ ቈርሶ ይሰጣል። ሆቴል የከፈተ ግን በመንገድ ዳር ስሙን ጽፎ ሰቅሎ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ጠርቶአል። መንገደኛውም ያን አምኖ ዘመድ ሳይፈልግ ይመጣል፤ ከመሸም በኋላ ሌላ ደጅ አያገኝም። እንግዲህ ጠርቶ መመለስ ካለመጥራት የከፋ ነው።

የእንግሊዝ አገር ሕግ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ የማደሪያ ቤት ጌታ ክፍል ሳለው ያለ በቂ ምክንያት መንገደኛን እንዳይመልስ ያዝዛል። በትሪኒዳድ የተወለደ ሌሪ ኮንስታንታይን የተባለ ስመ ጥሩ የክሪኬት ተጫዋች ነበረ። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በኢምፔሪያል ሆቴል ለራሱ፥ ለሚስቱና ለልጁ የ4 ሌሊት ማደሪያ አስይዞ ነበር። በደረሰ ጊዜ ግን ከአንድ ሌሊት በላይ መቀመጥ አይቻልህም ተባለ። ጥቁር ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚያድሩት አሜሪካውያን እንዳይቀየሙ ፈርተው ነው። እርሱም ወደ ሌላ ሆቴል ሄዶ አደረ፤ ኋላም ከሰሰ። በ1944 ዓ.ም. ዳኛው ፈረዱለት፤ ሌላ ማደሪያ ማግኘቱም የመጀመሪያውን ሆቴል ከበደሉ አላዳነውም። የተቈረጠለት ካሣ 5 ጊኒ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ከዚህ የከበደ ነበረ። ጥቁሮች በመኪና ሲጓዙ ማን እንደሚያሳድራቸው አያውቁም ነበርና፥ ቪክቶር ግሪን የተባለ ሰው ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቀበሉአቸውን ቤቶች የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣላቸው፤ ይህም 30 ዓመት ያህል ሲታተም ኖረ። በ1964 ዓ.ም. መንግሥት ሆቴሎች ሰውን በቀለሙ እንዳይመልሱ የሚከለክል ሕግ ባወጣ ጊዜ፥ በአትላንታ ከተማ 216 ክፍሎች ያሉት የሃርት ኦቭ አትላንታ ሞቴል ባለቤት ሞርተን ሮልስተን መንግሥትን ከሰሰ። ካቀረባቸውም ምክንያቶች አንዱ፥ የማልወደውን እንግዳ እንድቀበል መገደድ ባርነት ነው የሚል ነበረ። የባሮችን የልጅ ልጆች አታሳድር የሚለውን ልማድ ለመጠበቅ ባርነትን የሚከለክለውን ሕግ ጠቀሰ! ዘጠኙ ዳኞች በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 14 ቀን በአንድ ቃል ፈረዱበት። የፈረዱበትም በክፍላተ ሀገሩ መካከል ያለውን ንግድ ይጐዳል በማለት ነው፤ ሕግ በዚህ መንገድ ከፍርዱ ደረሰ፤ ለኅሊና ግን ከዚህ የቀረበ መንገድ አለው።

የሰከረውን፥ የሚደባደበውን፥ ከፍሎ ማደር የማይፈቅደውን ሁሉ ታስገባ ዘንድ አልልህም። እነዚህ በሥራቸው ይመለሳሉ፤ ለሌላው እንግዳ ዕረፍት ስትል መመለስም ይገባሃል። እኔ የምናገረው ምንም ሳያደርግ በመልኩ፥ በልብሱ፥ በአነጋገሩ ስለሚመለሰው ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው አትበል። አንድ ባላገር የታመመች እናቱን ወደ ሐኪም ቤት ለማድረስ ከገጠር መጥቶ ከአውቶቡስ ሲወርድ መሽቶበታል እንበል። ብሩን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮአል። ዘበኛው አስቀድሞ ጫማውን ያያል፤ እንግዳ ተቀባዩም፥ የክፍሎቹ ቍልፎች ከኋላው ተሰቅለው ሳሉ፥ «አባቴ፥ ክፍል ሞልቶአል» ይለዋል። ቃሉ ትሑት ነው፤ የተናገረው ግን ሐሰት ነው። ሠራተኛውን ብትቈጣው ምናልባት ከአንተ የተማረው እንደ ሆነ ይነግርሃል፤ ባለ መኪናው ሲመጣ ከወንበርህ ተነሥተህ ስትቀበል፥ እግረኛው ሲመጣ ግን ሒሳብህን ስታገላብጥ አይቶሃልና።

በሉቃስ ወንጌል ወንበዴዎች ደብድበው ስለ ጣሉት ሰው የተጻፈውን ታውቃለህ። ሰባኪዎች ስለ ሳምራዊው ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ እንግዶች ማደሪያ ጠባቂ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። ያ ጠባቂ በነፃ አላሳደረም፤ ሁለት ዲናር ተቀብሎአል። ነገር ግን ወደ ደጁ የመጣለትን ተመልከት፤ አንዱ ልብሱን የተገፈፈና የቈሰለ፥ ሁለተኛውም በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ የተናቀ ሳምራዊ ነው። ከሁለቱ ዲናር በላይ የሚሆነው ወጪ በተስፋ ብቻ የቀረ ነው፤ ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎታልና። ጠባቂው «ክፍል ሞልቶአል» ማለት ይችል ነበር፤ ማንም መርምሮ ባልደረሰበትም ነበር። በማግሥቱ ሳምራዊው መንገዱን ሄደ፤ የቈሰለው ሰው ግን በጠባቂው ቤት፥ በጠባቂው እጅ ቀረ።