ትእዛዙ የሌላ፣ እጁ የእኔ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ልጁ ባሕር ማዶ ተቀጥሮ የሚሠራ አባት ከመስጊድ ሲወጣ ወዳጆቹ «ልጅህ ምን ይሠራል?» ቢሉት «ኮምፒውተር ላይ ነው» ይላቸዋል። ኩባንያው ትልቅ እንደሆነ፣ በብዙ አገር ቢሮ እንዳለው ይጨምርላቸዋል። ከዚያ በላይ እርሱም አያውቅ፤ እነርሱም አይጠይቁት። እናትም በስልክ የምትጠይቀው የታወቀ ነው። «ሶላትህን በወቅቱ ትሰግዳለህ? የምትበላው ሐላል ነው? ለጁምዓ ያስፈቅዱሃል?» ትለዋለች። እነዚህ ሁሉ የሙስሊም እናት ጥያቄዎች ናቸው፤ አላህ ምንዳዋን ይክፈላት። ነገር ግን ከነዚህ ጎን ሊጠየቅ ሲገባው በብዙ ቤት የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። እርሱም «ልጄ፣ የምትሠራው ሥራ በሰው ላይ ምን ያደርሳል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ለምን ያስፈልጋል? የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ደንበኛውን በዓይኑ ያየዋል። የሰፋው ልብስ ቢጠብ ወይም ቢተረተር ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣበታል። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሶፍትዌር ከፊሉ በአንድ አገር ይጻፋል፣ ከፊሉ በሌላ አገር ይቀጠላል፣ በሦስተኛው ይፈተሻል፣ የሚገለገልበት ሕዝብ ደግሞ በአራተኛው ይገኛል። ጸሐፊው የሚያውቀው የራሱን ጥቂት መስመሮች ነው። ያዘዘው አለቃም ከሌላ አለቃ ታዞ ነው። ስለዚህ ነፍስ «ትእዛዙ የሌላ ነው፤ እኔ እጄን ነው ያዋስኩት» ትላለች። ውድ አንባብያን፣ ይህ ምክንያት በአላህ ፊት ያዋጣልን?

በባዕድ አገር ተቀጥሮ መሥራት

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በሰው አገር፣ ሙስሊም ላልሆነ አሠሪ ማገልገል በራሱ ነውር አይደለም። ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ምድር የንጉሡን ግምጃ ቤት አስተዳድረዋል። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከአገራቸው ሸሽተው በመድየን ለዓመታት ተቀጥረው በግ ጠብቀዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በፊት የኸዲጃን (ረ.ዐ.) ንብረት ይዘው ወደ ሻም ነግደዋል።

ይሁንና ቁርአን ስለነዚህ ሠራተኞች ሲናገር ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን እንደሚያነሣ ልብ እንበል። ዩሱፍ ለሹመት ሲቀርቡ ራሳቸውን የገለጹት ጠባቂና ዐዋቂ በመሆን ነው (ሱረቱ ዩሱፍ 55)። ሙሳን አባቷ እንዲቀጥራቸው የጠየቀችው ልጅም ያነሣችው ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን ነው (ሱረቱል ቀሶስ 26)። አንዱ ችሎታ ነው፤ ሌላው አማና ነው። የዛሬ ኩባንያ ችሎታን በጥብቅ ፈተና ይለካል፤ ቀጣሪዎቹም ለሰዓታት ጥያቄ ያቀርባሉ። አማናውን ግን የሚለካበት ሚዛን የለውም። ያን የሚያውቁት ሠራተኛው ራሱና ጌታው ብቻ ናቸው።

ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዑመር (ረ.ዐ.) የሚያወሱትን ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። ኸሊፋው በሌሊት መዲናን ሲዞሩ አንዲት እናት ልጇን ወተቱ ላይ ውኃ እንድትጨምር ስታዝ ሰሙ። ልጅቱ ዑመር ይህን እንደከለከሉ ነገረቻት። እናትየው ዑመር በዚህ ሰዓት እንደማያዩአቸው ስትመልስላት፣ ልጅቱ ዑመር ባያዩ የዑመር ጌታ እንደሚያይ አሳሰበቻት። ዑመር ያችን ልጅ ለልጃቸው ለዓሲም ዳሩለት፤ ከዘሯም ፍትሐዊው ዑመር ኢብን ዐብዱል ዐዚዝ ተወለዱ። እንግዲህ ያዘዘቻት የገዛ እናቷ ነበረች። ትእዛዙ የሌላ፣ እጁ ግን የልጅቱ ነበር። እጇን አላዋሰችም።

በእንግሊዝ አገር የሆነው

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንሣ። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1999 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ሆራይዘን የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር በቅርንጫፎቹ ማስገባት ጀመረ። ሶፍትዌሩን የሠራው የጃፓኑ ኩባንያ ፉጂትሱ ንብረት የነበረ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። በየመንደሩ የፖስታ ቤት ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩት ደግሞ አብዛኞቹ ትንንሽ ሱቅ ያላቸው ተራ ሰዎች ነበሩ። ከሕንድና ከአካባቢው አገሮች መጥተው ላባቸውን አንጠፍጥፈው የኖሩ ቤተሰቦችም በመካከላቸው ብዙ ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ማታ ሂሳብ ሲዘጉ ማሽኑ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ ይላቸው ጀመር። አንዳንዱ ላይ መቶዎች፣ አንዳንዱ ላይ ብዙ ሺሕ ፓውንድ ጎደለ። ውላቸው ጉድለቱን ከኪሳቸው እንዲሞሉ ያስገድዳቸዋል። ለእርዳታ ሲደውሉ ብዙዎቹ ይህ ችግር የደረሰው በእነርሱ ላይ ብቻ እንደሆነ ተነገራቸው። ያጠራቀሙትን ከፈሉ፣ ተበደሩ፣ ቤታቸውን ሸጡ። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሂሳብን በሐሰት በማቅረብ ጥፋተኛ ተባሉ። ሲማ ሚስራ የተባለች ሴት በ2010 የ15 ወር እሥራት ሲፈረድባት ነፍሰ ጡር ነበረች። ከተፈረደባቸው መካከል ስማቸው ሳይጸዳ የሞቱ አሉ።

በመጨረሻ እውነቱ ወጣ። በ2019 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 555 ሰዎች ባቀረቡት ክስ ላይ ሶፍትዌሩ ስሕተትና ብልሽት እንደነበረበት ወሰነ። በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ። በ2024 ደግሞ ፓርላማው የቀሩትን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት የፉጂትሱ የአውሮፓ ኃላፊ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ይቅርታ ጠይቀው፣ ስሕተቶቹ በኩባንያው ዘንድ ከመጀመሪያው አንሥቶ ይታወቁ እንደነበር አምነዋል።

ይታወቁ ነበር! ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ቀላል አይደለም። የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው። አንዲት ሴት በፍርድ ቤት ቆማ «አልሰረቅሁም» ስትል፣ በሌላ ከተማ ቢሮ ውስጥ ማሽኑ እንደሚሳሳት የሚያውቅ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ምናልባት ክፉ ሰው አልነበረም። ምናልባት ጉዳዩ የእርሱ ክፍል አልመሰለውም።

ከዚያው ቢሮ አንድ ሰው ግን ተናገረ። ሪቻርድ ሮል ይባላል። በ2001 እና በ2004 መካከል በብራክኔል ከተማ በሚገኘው የኩባንያው ቢሮ ይሠራ ነበር። ፖስታ ቤቱ ማንም ከሩቅ ሆኖ የቅርንጫፎቹን ሂሳብ ሊነካ አይችልም እያለ ሲከራከር፣ ይህ ሰው በ2015 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ቀርቦ እርሱና ባልደረቦቹ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ይገቡ እንደነበር ገለጸ። በ2019ም በፍርድ ቤት ቃሉን ሰጠ። በሱረቱ ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን በገዛ ራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ ቆመው እንዲመሰክሩ አዟል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በአሠሪው በነበረ ላይ የመሰከረውን እያየን፣ ቁርአን በእጃችን ያለው እኛ ምን እንላለን?

እርጥቡ እህል

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ሐሳብ ይነሣል። ሰው ይሳሳታል፤ ስሕተት የሌለበት ሶፍትዌርም የለም። ታዲያ ልጆቻችንን ለእያንዳንዷ ስሕተት ኃጢአተኛ ልናደርጋቸው ነውን? አይደለም። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድዳትም፤ ይህ ኡመትም በስሕተትና በመርሳት እንደማይያዝ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አብሥረዋል። ልዩነቱን የሚያሳየን በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው የገበያው ታሪክ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ቢያስገቡ ከውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነግረውት፣ የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ።

ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር ማድረጉ ነው። የፕሮግራመርም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ስሕተቱ ዝናብ ነው፤ መደበቁ ግን የራሱ ሥራ ነው። ገዢው የሚያየው የክምሩን ላይ፣ የኮምፒውተሩን መስታወት ብቻ ነው። እጁን ወደ ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። ውስጡን የሚያውቀው የጻፈው ነው፤ ስለዚህ እርጥቡን ወደ ላይ ማውጣት የእርሱ አማና ይሆናል።

ጸሐፊው ነጻ ነውን?

ከመደበቅም የከፋ አለ፤ እርሱም አውቆ ማታለያ መሥራት ነው። በ2015 የጀርመኑ ቮልስዋገን መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ለይቶ የሚያውቅ ሶፍትዌር በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ ማስገባቱ ተደረሰበት። ሲመረመር ጭሱ ንጹሕ ይሆናል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን እስከ 40 እጥፍ ከተፈቀደው በላይ መርዘኛ ጋዝ ይለቅ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበራቸው። በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የ40 ወር እሥራትና የ200,000 ዶላር መቀጮ የተፈረደበት፣ ከጀርመን ወደ ካሊፎርኒያው ቅርንጫፍ የተዛወረ አንድ መሐንዲስ ነው። ጠበቃው የነገሩ ጠንሳሽ እርሱ እንዳልሆነና ለአሠሪው በነበረው ጭፍን ታማኝነት እንደሠራው ተከራክሮለት ነበር። ከእሥር አላዳነውም።

የሰው ፍርድ ቤት ይህን ካለ፣ ሸሪዓችንማ ቀደም ብሎ ተናግሯል። ወለድን በሚመለከተው ሐዲስ የተረገሙት በላዩና ከፋዩ ብቻ አይደሉም፤ ጸሐፊውና ምስክሮቹም ተቆጥረዋል፣ በኃጢአቱም እኩል እንደሆኑ ተነግሯል። ጸሐፊው ገንዘቡን አልወሰደም፤ የሌላውን ቃል ነው በብዕሩ ያሰፈረው። ፕሮግራመር ደግሞ የዘመናችን ጸሐፊ አይደለምን? ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ እንደሌለም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል።

እንግዲህ በሩቅ ቢሮ ያለ ወንድም ወይም እኅት ምን ያድርግ? መጥፎን ነገር በእጅ፣ ካልተቻለ በምላስ፣ ካልተቻለም በልብ ስለ መቃወም የተነገረው ሐዲስ መንገዱን ያሳየዋል። በእጁ ሊያርመው የሚችለውን ያርም። ከእጁ ውጭ የሆነውን ለአለቃው በጽሑፍ ያስታውቅ፤ በጽሑፍ መሆኑ ለነገ ምስክርነት ይረዳዋል። ካልተሰማ፣ ጉዳቱም በሰው ላይ ግልጽ ከሆነ፣ በዚያ ሥራ እጁን ከማዋስ ይውጣ። በዝርዝሩ ላይ ዑለማን ይጠይቅ፤ የእያንዳንዱ ቢሮ ጉዳይ ይለያያልና።

የዝምታው ዋጋ

ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ከባድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ሰው ኢቃማው ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። በአሜሪካ በኤች ዋን ቢ ቪዛ የሚሠራ ባለሙያም ሥራውን ከለቀቀ ሌላ አሠሪ ለማግኘት ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ለሚኖር ሰው «እውነቱን ተናገር» ማለት «ሻንጣህን አሰናዳ» ማለት ሊሆን ይችላል።

ግን ወላጆች ሆይ፣ እውነቱን እንነጋገር። ልጃችን የሚፈራው አለቃውን ብቻ ነውን? እኛንስ አይፈራም? የተጀመረው ቤት ጣሪያ አልለበሰም። የታናሽ ወንድሙ የትምህርት ክፍያ አለ። እናቱ ለሐጅ የምትጠብቀው ገንዘብ አለ። በየወሩ የሚልከው ገንዘብ ሁለት ቀን ሲዘገይ እንደውላለን። ሥራውን ለሕሊናው ብሎ ቢተው ጎረቤት «ከውጭ ተባሮ መጣ» እንደሚል፣ እኛም አንገታችንን እንደምንደፋ ያውቃል። ስለዚህ ያያትን ጥፋት ውጦ ዝም ይላል። አለቃው ያላሰረውን ምላስ እኛ አስረነዋል ማለት ነው። በሐላል የምንጸልይበትና ሐጅ የምንሄድበት ገንዘብ የአንዲት ድኻ ሱቅ እንባ ያለበት ቢሆንስ?

የሚከተለውን እንድናደርግ እመክራለሁ፤ ለራሴም ጭምር ነው። ፈተናው ሳይመጣ፣ ዛሬ፣ በስልክ እንንገራቸው። «ልጄ፣ በሰው ላይ ግፍ የሚሠራ ነገር ብትታዘዝ አትሥራ። ብትመለስ ቤትህ ቤትህ ነው፤ ያለንን አብረን እንበላለን» እንበላቸው። ሥራው ምን እንደሆነም እንጠይቃቸው፤ ባይገባን እንኳ ይገባን ዘንድ እንዲያስረዱን እናድርግ። ሊያስረዳን የሚያፍርበት ክፍል ካለ፣ እዚያ ላይ እርሱ ራሱ መልሱን ያገኘዋል። አላህን ለሚፈራ ሰው መውጫ እንደሚያበጅለት፣ ካላሰበውም በኩል ሪዝቅ እንደሚሰጠው በሱረቱ ጦላቅ ቃል ገብቷል። ይህን አንቀጽ ለሌላው ከመቅራታችን በፊት እኛ እንመንበት።

አላህ ሆይ! የልጆቻችንን እጅ ከግፍ፣ ምላሳቸውን ከሐሰት ምስክርነት ጠብቅ። ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፤ ጥቂት ቢሆንም በረካ አድርግበት። በሩቅ አገር ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ የምታያቸው መሆኑን የሚያስታውሱ አድርጋቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።