አጋር ያልመለሰችው ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አንዲት እህታችን ወደ ቻናላችን እንዲህ ብላ ጽፋለች። «አባ፥ የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ በፈጣሪ አያምንም። ግን ከቤቱ ሰው ሁሉ የሚያዝንልኝ እርሱ ነው፤ ደመወዜ ሲዘገይ የሚከራከርልኝ፥ ሲያመኝ መድኃኒት የሚገዛልኝ እርሱ ነው። ስጸልይ አይቶኝ፥ ሕይወት በራሷ ትርጉም የላትም፤ ትርጉም የምንሰጣት እኛው ነን አለኝ። ምን ልመልስለት? የእርሱ ሕይወት ከንቱ ነው? እኔስ እያመንኩ ውስጤ ባዶ የሚሆንብኝ ለምንድን ነው?»

ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ በየተራ እንየው።

በመጀመሪያ፥ እህቴ፥ የዚያን ሰው ሕይወት ከንቱ ነው አትበይ። ቤተ ክርስቲያናችን ኦሪት ሳትጻፍ በፊት ሰው በሕገ ልቡና ይመራ እንደ ነበር ታስተምራለች። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የተጻፈ ሕግ ያልደረሳቸው ሰዎች በጎውን ሲሠሩ፥ ሕጉ በልባቸው እንዳለ ያሳያሉ ብሎ ያስተምራል። መድኃኒት ሲገዛልሽ የሠራው በጎነት እውነተኛ በጎነት ነው። እርሱ እግዚአብሔርን ባያውቅም፥ እግዚአብሔር እርሱን በአርአያው ፈጥሮታል፤ ደግነቱም ምንጩ ከዚያ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን ካህኑንና ሌዋዊውን ትቶ ሳምራዊውን አብነት ያደረገው፥ ሃይማኖት አለን የምንለው እንድናፍር ነው። ጾመን ውለን አብራን የምትሠራውን እህት ሰላም የማንላት ከሆነ፥ በዚያ ሰው ላይ የምንፈርድበት አፍ የለንም።

እንግዲህ የማያምን ሰው ደግ ሊሆን ይችላል ወይ ብለን አንከራከር፤ ይችላል። የምንጠይቀው፥ ያ ደግነትና ያ ሕይወት በምን ላይ ቆሟል የሚለውን ነው።

ሁለተኛው፥ «ትርጉም የምንሰጣት እኛው ነን» የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ ታላላቅ ጸሐፊዎች አስበውበታል። በአልጄርያ ተወልዶ ያደገው ፈረንሳዊው አልቤር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ የግሪኮችን ተረት ያነሣል። ሲሲፈስ የሚባል ሰው ትልቅ ድንጋይ እየገፋ ወደ ተራራ ጫፍ እንዲያወጣ ተፈርዶበታል። ጫፍ ሲደርስ ድንጋዩ ተንከባልሎ ይወርዳል፤ እርሱም ወርዶ እንደገና ይገፋል፤ ማብቂያ የለውም። ካሙ ሲሲፈስን የሰው ሕይወት ምሳሌ አደረገው። መልሱም፥ ሰው ዕጣውን ዐውቆ፥ በልፋቱ ውስጥ ደስታውን ያግኝ የሚል ነው።

ይህን ድንጋይ ከእናንተ በላይ ማን ያውቀዋል? የጠረግሽው ወለል ማታ ይቆሽሻል። ያጠብሽው ሳህን ከምሳ በኋላ ተመልሶ ይቆለላል። የተኮስሽው ልብስ በነጋታው ቅርጫት ውስጥ ነው። በግንባታ ላይ ያላችሁ ወንድሞችም የማትኖሩበትን ፎቅ በፀሐይ ትሠራላችሁ። እንዲህ ላለ ሰው «ለልፋትህ ራስህ ትርጉም ስጠው» ማለት የጀግና ምክር ነው፤ አንንቀውም። ግን አንድ ነገር እንጠይቀው። ለሰው ሕይወት ትርጉም የሚሰጠው ሰው ብቻ ከሆነ፥ ጉልበተኛው ለደካማው የሚሰጠውን ትርጉም ማን ይሽረዋል? አንቺን «ኸዳማ» ብሎ ብቻ የሚጠራሽ ሰው፥ ፓስፖርትሽን ቆልፎ የሚይዝ ሰው፥ እርሱም እኮ ለሕይወትሽ ትርጉም ሰጥቶሻል። ዋጋሽ በሰው የተሰጠ ከሆነ ሰው ሊወስደው ይችላል። ተሳስቷል ለማለት ከእርሱም ከአንቺም በላይ የሆነ መስካሪ ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ቅዱስ እዚህ ጥያቄ ላይ የደረሱ ሁለት ሰዎችን ያሳየናል። አንዱ ሁሉ ያለው ነው፤ ጠቢቡ ሰሎሞን። በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 2 ቤት ሠራ፥ ወይን ተከለ፥ የውኃ ማጠራቀሚያ አበጀ፥ ወርቅና ብር ሰበሰበ፥ ዘፋኞች አቆመ፤ ዓይኑ የፈለገውን አልከለከላትም። ቆጥሮ ሲጨርስ ነፋስን እንደ መጨበጥ ሆነበት። ከፀሐይ በታች ያለውን ሁሉ መርምሮ ልቡን የሚሞላ አጣ፤ በምዕራፍ 3 እንደሚነግረን በሰው ልብ ውስጥ ዘላለም ተቀምጧልና፥ ጊዜያዊ ነገር አይሞላውም።

ሌላዋ ምንም የሌላት ናት፤ አጋር። ግብፃዊት ናት፤ በሰው ሀገር፥ በሰው ቤት የምትሠራ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሦራ ስትናገር «ገረዴ» ትላለች፤ አብራም «ገረድሽ» ይላል፤ ሁለቱም በስሟ አይጠሯትም። መከራው ሲበዛባት ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። በዚያ ምዕራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ የጠራት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ከስሟ በኋላ ሁለት ነገር ጠየቃት፤ ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድ።

አጋር የመለሰችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ከእመቤቴ ሸሽቼ ነው አለች። ለሁለተኛው መልስ አልነበራትም። እኛም ከምን እንደ ሸሸን እናውቃለን፤ ከድህነት፥ ከጦርነት፥ ከቤት ችግር። ወዴት እንደምንሄድ ግን ስንጠየቅ ዝም እንላለን። የሕይወት ትርጉም የሚባለው የዚህ የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው። አጋርም የሚያያት አምላክ እንዳለ ባወቀች ጊዜ ለእግዚአብሔር በዚህ ስም ጠራችው፤ ጕድጓዱም ብኤርለሃይሮኢ ተባለ። ትርጉሙን ራሷ አልፈጠረችውም፤ ያያት አምላክ ሰጣት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መልአኩ ያን ጊዜ እንድትመለስ ነገራት ብላችሁ፥ የምትደበደብን ወይም የምትደፈርን እህት «ታገሺ፥ ተመለሺ» እንዳትሏት። ምዕራፍ 21 ላይ አጋር ከዚያ ቤት ከልጇ ጋር ከወጣች በኋላ እግዚአብሔር በቤርሳቤህ ምድረ በዳ አገኛት፤ ውኃ አሳያት እንጂ ተመለሺ አላላትም። ነፍስሽን ማትረፍ ኃጢአት አይደለም።

ሦስተኛው፥ እያመንሽ ባዶነት ለምን ይሰማሻል? አንደኛው ምክንያት ድካም ነው፤ ድካም ደግሞ ክህደት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ መልአክ ልኮ ሁለት ጊዜ አበላው፥ አስተኛው። ከእናንተ መካከል ሞትን የሚመኝ ካለ አይደብቅ። ዛሬውኑ ለካህን፥ ለእህት፥ ለጓደኛ ይናገር፤ ሐኪምም ይይ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት፥ በአፋችን እግዚአብሔርን እያልን ልባችን የቆመው በሌላ ነገር ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው። ቤት መሥራት፥ ወንድም ማስተማር፥ እናት መጦር የተቀደሰ ሥራ ነው። ግን የሕይወታችን መሠረት ያ ብቻ ከሆነ፥ የላክነው ገንዘብ የጠፋ ዕለት፥ ስልክ የሚደወልልን ለብር ብቻ መሆኑ የገባን ዕለት፥ እኛም አብረን እንፈርሳለን። ለቤተሰብሽ ላኪ ከመሆንሽ በፊት፥ ለማዳምሽ ሠራተኛ ከመሆንሽ በፊት፥ የእግዚአብሔር ልጅ ነሽ። ኢቃማሽ ቢያልቅ፥ ብትታመሚ፥ ምንም መላክ ባትችዪ ይህ አይቀነስም። ማዕተባችን በአንገታችን ያለው ይህን እንዲያስታውሰን ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ጌታችን በሕፃንነቱ በግብፅ ስደተኛ ሆነ፤ ካደገም በኋላ የአገልጋይን መልክ ይዞ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። የሰውን ልፋት ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው ሞት ነበር፤ ድንጋዩን ሁልጊዜ ወደ ታች የሚመልሰው እርሱ ነው። ክርስቶስ ግን ተነሣ፤ የመቃብሩም ድንጋይ ተንከባለለ። ስለዚህ ሐዋርያው በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ስለ ትንሣኤ ሲጽፍ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የደረሰው፥ በጌታ የሆነ ድካም ከንቱ እንደማይቀር ነው። ማንም ያላየው እንባሽ፥ ማንም ያላመሰገነው ሥራሽ በእርሱ ዘንድ አልጠፋም።

ለዚያ ሰውም አትከራከሪ። ስላደረገልሽ ደግነት አመስግኚው፤ ከዚያ «ያዘንክልኝ ዋጋ ስላለኝ ነው ወይስ አንተ ዋጋ ስለሰጠኸኝ?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂው። በጸሎትሽም ስሙን ጥሪ።

ለራሳችን ደግሞ ከነገ ጠዋት ጀምሮ፥ ሥራ ከመጀመራችን በፊት አማትበን ሁለቱን ጥያቄዎች እንመልስ። ከየት መጣሁ? ከእግዚአብሔር እጅ። ወዴት እሄዳለሁ? ወደ እርሱ። በረፍት ቀን መውጣት የምትችሉ ወደ ቅዳሴ ኑ፤ በር የተዘጋባችሁም ካላችሁበት ሆናችሁ ጸልዩ፤ አጋርን በምድረ በዳ ያያት አምላክ በተዘጋ በር ውስጥም ያያል።

የስደታችንን ዘመን በቸርነቱ ይባርክልን፤ ሀገራችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ የእመቤታችን ምልጃ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።