ከጉቦ መለስ፣ ከስጦታ ማዶ

በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ ለምክር ቤት ለሚወዳደር ዕጩ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት ተዘጋጅቶ ነበር። በሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ተቀምጧል። ከፊቴ ተራ የያዙት አዛውንት መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ስምና አድራሻ ይጠይቃል፤ ሥራዎ ምንድን ነው፣ አሠሪዎ ማን ነው ይላል። ከዚያ የማረጋገጫው ዝርዝር ይከተላል፦ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለኝ ነኝ፤ የምሰጠው የራሴን ገንዘብ ነው፤ ሌላ ሰው መልሶ አይከፍለኝም፤ ከፌዴራል መንግሥት ጋር የሥራ ውል የለኝም። አዛውንቱ ብዕሩን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ የመጣሁት ልሰጥ ነው ወይስ ልበደር?» አሉኝ።

ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄያቸው አብሮኝ ቤት ገባ። ተቀባይ ቢመረመር ያባት ነው፤ ሰጪ ለምን ይመረመራል?

አማርኛችን ለሚሰጥ ገንዘብ ብዙ ስም አለው። ለእድር የሚወጣው መዋጮ ነው፤ ለተቸገረ የሚሰጠው እርዳታ፣ ለደብር የሚገባው ስእለት። ለዳኛ በጓሮ በር የሚገባው ጉቦ ይባላል። የመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ መማለጃ ይለዋል፤ ከ«አማላጅ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፣ ገንዘቡ ራሱ ቆሞ የሚማልድ ይመስል። በስጦታና በጉቦ መካከል ደግሞ አንድ የቆየ ቃል አለ፦ እጅ መንሻ። ድሮ ወደ ሹም ደጅ የሚሄድ ሰው ሙክትም ይሁን ማር ይዞ ይሄድ ነበር። በዚያ ቀን የሚጠይቀው ጉዳይ ላይኖረው ይችላል። ሹሙም ምንም ቃል አይገባም። ነገር ግን ሰውዬው ከርሞ ደጅ ሲጠና ፊቱ አይረሳም። እጅ መንሻ ውል የለውም፤ የሚቆየው ትዝታው ነው።

የአሜሪካ የምርጫ ገንዘብ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታገል የኖረው፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ከዚህች መካከለኛ ቃል ጋር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1905 ኒውዮርክ ውስጥ የተካሄደ ምርመራ፣ ትልልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን ገንዘብ ለፖለቲካ ሲያውሉት እንደነበረ፣ ለ1904ቱ የቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመቻ ጭምር እንደሰጡ አጋለጠ። በ1907 የቲልማን ሕግ ወጣ፤ ኩባንያዎችና ብሔራዊ ባንኮች ለፌዴራል ዕጩዎች እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው ተጻፈ እንጂ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት አልተቋቋመም። ለፌዴራል ምርጫ ገንዘብ ዛሬም መሠረት የሆነው የ1971 ሕግ የሚባለው ነው። በማግስቱ ዓመት፣ ሰኔ 1972፣ ሌቦች ዎተርጌት ሕንፃ ውስጥ ተያዙ። ጋዜጠኞች ጉዳዩን ሲከታተሉ ለፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅስቀሳ የተሰጠ የ25,000 ዶላር ቼክ ከሌቦቹ በአንዱ የባንክ ሒሳብ ገብቶ አገኙት። ለምርጫ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ በር ሰባሪ ቤት ሲገኝ፣ ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ ከማን መጥቶ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ግድ ሆነ። ኮንግረስ በ1974 ሕጉን አጠበቀው። አንድ ሰው ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ ከ1,000 ዶላር በላይ እንዳይሰጥ፣ ዕጩዎችም ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንዳያወጡ አዘዘ። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንንም አቋቋመ።

ሕጉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1976፣ በበክሊ እና በቫሌዮ ክርክር፣ ሕጉን ለሁለት ከፈለው፦ መስጠት ይገደባል፣ ማውጣት አይገደብም። ገንዘብ ከሌለ ሬዲዮም ጋዜጣም የለም፤ ስለዚህ ወጪን መገደብ ንግግርን መገደብ ነው አለ። አንድን ሰው የፈለግህበት ድረስ ንዳ ብሎ ነዳጁን በአንድ ታንክ እንደመወሰን ቆጠረው። ለዕጩ በእጅ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ሙስናን፣ ወይም ሙስና የሚመስልን ነገር፣ ሊያመጣ ስለሚችል ጣሪያው ይጽና አለ። አዛውንቱን ያስቆመው ቅጽ የዚያ ፍርድ ልጅ ነው። በ1974 አንድ ሺህ የነበረው ጣሪያ ለ2025–26 የምርጫ ዘመን 3,500 ዶላር ደርሷል፤ የፓርቲ ውስጥ ማጣሪያውና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ይቆጠራሉ።

ልብ በሉ፤ በ1976 ፍርድ ቤቱ ሙስናን ብቻ ሳይሆን መልኩንም ፈርቷል። ለእጅ መንሻ የሚሆን ቦታ በሕጉ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። በጥር 2010 ያ ቦታ ጠበበ። ሲቲዝንስ ዩናይትድ የተባለው ድርጅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚነቅፍ ፊልም ሠርቶ ስለነበረ በተነሣ ክርክር፣ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ተከፍሎ፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩ ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ፈረደ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኬኔዲ፣ በተመራጭ ዘንድ ሞገስ ማግኘትና በሩን ማስከፈት ሙስና አይደለም አሉ። በእኛ ቋንቋ ሲገለበጥ፦ ጉቦ ጉቦ ነው፤ እጅ መንሻ ግን ወንጀል አይደለም። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህንኑ ተከትሎ፣ ለብቻቸው የሚያወጡ ቡድኖች ያለ ገደብ ገንዘብ መቀበል ይችላሉ አለ፤ ዛሬ ሱፐር ፓክ የሚባሉት ከዚያ ተወለዱ። በ2014 ደግሞ አንድ ሰው ለዕጩዎችና ለፓርቲዎች በጠቅላላው ከ123,200 ዶላር በላይ እንዳይሰጥ ያግድ የነበረው ጣሪያ ወደቀ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» በሚለው ተረት መትቶ ማለፍ ይቀላል። ፍትሐዊ ግን አይሆንም። በሲቲዝንስ ዩናይትድ የመጀመሪያ ክርክር ላይ የመንግሥት ጠበቃ ተጠይቆ፣ በዚያው ሐሳብ ከተሄደ ኩባንያ በገንዘቡ የሚያሳትመው መጽሐፍ ጭምር ሊከለከል ይችላል የሚል መልስ ሰጥቷል። ዳኞችን ቢያስደነግጥ አይፈረድባቸውም። ደግሞስ የምርጫ ገንዘብን ሕግ የሚያወጡት እነማን ናቸው? ራሳቸው ተመራጮቹ። ስሙ የታወቀ ባለወንበር በትንሽ ወጪ ያሸንፋል፤ ማንም የማያውቀው ተፎካካሪ ግን ስሙን ለማስጠራት ብቻ ብዙ ያወጣል። የወጪ ጣሪያ ለባለወንበሩ አጥር ሊሆነው ይችላል። ሞገስን በሕግ ልከልክል ያለ መንግሥት በመጨረሻ የማን ወዳጅነት ንጹሕ፣ የማን ርኩስ እንደሆነ ሊወስን ነው።

ይህን ሁሉ ከተቀበልኩ በኋላም የማልቀበለው አንድ ነገር አለ፤ እጅ መንሻ ስሙ ስላልተጠራ የለም መባሉን። ለሱፐር ፓክ ሚሊዮን ዶላር የሰጠ ሰው ከዕጩው ጋር ተቀምጦ አልዶለተም ይሆናል። ዕጩው ግን ማን እንደሰጠ ያውቃል። ሙክቱ በሌላ ሰው እጅ ቢላክም ሹሙ የማን ሙክት እንደሆነ አይጠፋውም።

በዚያው በሐበሻው መንደር ሌላም ነገር ይታያል። በሥራ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ጥበቃ የሚኖር ወጣት፣ ግሪን ካርድ ከሌለው፣ አንዲት ዶላር ለዕጩ መስጠት አይችልም። ያለ ክፍያ ቤት ለቤት ዞሮ በአማርኛ መቀስቀስ ግን ይችላል። ሕጉ ጉልበትን አይፈራም፤ የሚፈራው ገንዘብን ነው። ይህም ከማን ጋር እንደሚታገል ራሱ እንደሚያውቅ ያሳያል።

ታዲያ ምን ተረፈ? መዝገቡ። በሲቲዝንስ ዩናይትድ ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ማን እንደሰጠ ለሕዝብ ይገለጽ በሚለው ተስማምተዋል። ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ተመዝግቦ ማንም እንዲያየው ይወጣል። ይህን እኛ እናውቀዋለን። በለቅሶ ቤት የእድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ዘርግቶ ማን ምን እንዳመጣ ይጽፋል። ደብተሩ ማንንም ከመስጠት አይከለክልም፤ የሰጠውን ግን ከመደበቅ ይከለክላል። የአሜሪካው ደብተር ግን ሽንቁር አለው። የለጋሾቻቸውን ስም የመግለጽ ግዴታ የሌለባቸው ማኅበራት ለሱፐር ፓክ ሲሰጡ የሚጻፈው የማኅበሩ ስም ብቻ ነው። ጠባቂው የምርጫ ኮሚሽንም በሕጉ ስድስት ወንበሮች አሉት፤ ከአንድ ፓርቲ የሚመጡት አባላት ከሦስት በላይ አይሆኑም፤ ለመወሰን አራት ድምፅ ያስፈልጋል። ሦስት ለሦስት ሲከፈሉ ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። ለምሳሌ በ2008 እና በ2019 ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ መወሰን እንኳ ያቃተው ጊዜ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሕግ ጉቦን ይቅጣ፤ እጅ መንሻን ማጥፋት ስለማይችል በቀን ብርሃን ይግባ ይበል፤ የማኅበራቱንም ሽንቁር ይድፈን። ቀሪው የመራጩ ሥራ ነው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት መዝገቡን ክፈቱ፤ የሹሙን ደጅ ማን ምን ይዞ እንደጠና እዩ።

አዛውንቱ በመጨረሻ ቅጹን ሞሉ፤ የሀምሳ ዶላር ቼክ ጽፈው ወደ ገበታቸው ተመለሱ። ስማቸው በመዝገቡ መውጣቱ ግዴታ አይደለም፤ ሕጉ በዚያ መጠን የሰጠን ሰው በስም ግለጹ አይልም።