መምህር በሌለበት ቤት ሕፃን ይማራልን?

በዘመናችን ስለ ልጆች አስተዳደግ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ትቶ፣ ዓመቱን ሙሉ በቤት ውስጥ በኢንተርኔት ብቻ ቢያስተምራቸው ይበጃልን? ይህን የባለጸጎች ጥያቄ ብቻ አድርገው የሚቈጥሩት አሉ። ነገር ግን በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ በታወቀ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ስለ ተዘጉ፣ ባለጸጋውም ድኻውም በአንድነት ተጠየቀበት። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ወደ ቤት ገባ፤ ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እስኪከፈቱ ድረስም ልጆች ከመምህሮቻቸው ተለይተው ቆዩ። ስለዚህ ነገሩን በሚገባ መመርመር ይገባናል።

አስቀድመን መምህር ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። መምህር የሚናገር ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ስልክም ቴሌቪዥንም ይናገራሉና። የአብነት ትምህርት ቤታችን ሥርዓት ግን ሌላ ነገር ያስረዳናል። ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከቈጠረ በኋላ፣ ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብም ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል። ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን በፊደሉ ላይ ተጽፎ አያገኘውም፤ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ፣ ራሱም ለመምህሩ አሰምቶ ይይዘዋል እንጂ። ታላቁ ተማሪም ታናሹን ያስቀጽለዋል። ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች ሊቃውንትን ማፍራት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ መጽሐፉን ባያዩትም የልጁን ድምፅ ይሰሙ ነበርና፣ ንባቡ ያለ ቦታው ቢነሣ ወይም ቢወድቅ ወዲያው ያርሙት ነበር። እንግዲህ መምህር የሚናገር ብቻ ሳይሆን የሚሰማም ነው።

ይህ ከታወቀ ጥያቄው ሁሉ፣ ሕፃኑን የሚሰማው ማን ነው? ወደሚለው ይመለሳል። የ16 ዓመት ወጣት ያልገባውን ለይቶ ይጠይቃል፤ ጽፎም ይልካል። የ5 ዓመት ሕፃን ግን ያልገባው መሆኑን እንኳ ስለማያውቅ፣ ፊቱን አይቶ የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሕፃን ከስልክ ፊት ተቀምጦ የሚማረው እናቱ ወይም አባቱ አጠገቡ ሆነው ሲሰሙት ነው፤ ያን ጊዜም መምህሩ ወላጁ እንጂ መሣሪያው አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም በሚያዝያ ወር 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት በስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል።

አሁን ነገሩን በቆሼ እንመዝነው። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ይህ ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ነው። ከተጣለውም ውስጥ ፕላስቲኩንና ብረቱን ለይተው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች አሉ። እንዲህ ያለች እናት ማልዳ ወጥታ ሲመሽ ትመለሳለች፤ በቤቱ ያለው ስልክ አንድ ከሆነም አብሯት ይወጣል። ስልኩን ለልጁ ትታለት ብትሄድ እንኳ የሚሰማውን ሰው አልተወችለትም። ከዚህም በላይ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ምገባ ስለ ጀመረ፣ ትምህርት ቤት ለድኻ ልጅ የፊደል ገበታ ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ገበታም ሆኗል። ይህን ልጅ በቤትህ ተቀምጠህ ተማር ማለት ሁለቱንም ገበታ መንሣት ነው።

አንዳንዶች ግን፣ ቤት ከክፉ ጓደኛና ከመንገድ አደጋ ይጠብቃል፤ ደግሞስ ልጅን እንዲያስተምሩ የታዘዙት ወላጆች አይደሉምን? ይላሉ። በእርግጥ ኦሪት ዘዳግም ወላጆችን ያዝዛል፤ ጢሞቴዎስም እምነትን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ወርሷል። ነገር ግን ሁለቱም የሚያስረዱት ከልጁ ጋር አብሮ ስለሚውል ወላጅ ነው። ሐና ልጇን ሳሙኤልን ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው እንጂ ብቻውን አላስቀመጠችውም። ጌታችንም በ12 ዓመቱ በመቅደስ የተገኘው በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ነበር። ቤት ሁሉ መጠጊያ ነው ማለትም አይቻልም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹን ያገኛቸው በቤታቸው ውስጥ ነውና።

ይህን ስንል ኢንተርኔትን መንቀፋችን አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲርቅባቸው ልጆቻቸውን በዙም ፊደል ያስቈጥራሉ፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ለታመመ ልጅ፣ ጦርነትም ትምህርት ቤቱን ላዘጋበት ልጅ፣ መሣሪያው ድልድይ ሊሆንለት ይችላል። ድልድይ ግን መሻገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች ይህን ትምህርት ከመምረጣቸው በፊት የሚጠይቁት የኢንተርኔቱን ፍጥነትና ዋጋ ብቻ አይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር ተቀምጦ የሚሰማ ሰው በቤታቸው መኖሩን ይጠይቁ። ካለ ይሞክሩት፤ ልጁንም ከእኩዮቹ አይለዩት። ከሌለ ግን ወደ ትምህርት ቤት ይላኩት። እኛ ካህናትም በዚህ ነገር ዕዳ አለብን። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ተመልሰው ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪገቡ ድረስ በየደጁ ሲንከራተቱ፣ የአጥቢያው ቅጥር ግቢ ባዶውን ሊውል አይገባም። አንድ የአብነት መምህር በጥላ ሥር ቢቀመጥላቸው፣ እናቲቱ ልቧ ዐርፎ ትሠራለች፤ ልጁም ሀ ሲል የሚሰማው ሰው ያገኛል።