ስለ «እኔ» እና ስለ «የእኔ»

ሰው «እኔ» ሲል ማንን ማለቱ ነው? «የእኔ» ሲልስ ምንን ማለቱ ነው? ሁለቱ ቃላት በአፍ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ፥ በልቡም አንድ የሚሆኑበት ሰው ብዙ ነው። ይህን ነገር በሰዋስው መንገድ ልንመረምረው እንችላለን፤ ሰዋስው ማለት መሰላል ነውና።

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሊሄድባት ያሰባት እስጳንያ፥ የቋንቋዋ ሰዋስው በአንቶንዮ ደ ኔብሪሃ እጅ ተጽፎ በሳላማንካ የታተመላት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1492 ዓ.ም. ነው። በዚህ ቋንቋ ተማሪን የሚያሳስቱ ሁለት ቃላት አሉ፤ ሁለቱም «ሚ» ይባላሉ። አንደኛው ያለ ምልክት ይጻፋል፤ ትርጓሜውም የገንዘብነት ነው፤ «ሚ ካሳ» ቢል «ቤቴ» ማለት ነው። ሁለተኛው በላዩ ትንሽ ጭረት አለበት፤ ከአገባብ በኋላ ይገባል፤ «ፓራ ሚ» ቢል «ለእኔ» ማለት ነው። በእኛም ዘንድ «አለ» ሲላላ ተናገረ፥ ሲጠብቅ ኖረ ይሆናል፤ ነገር ግን ፊደላችን ማጥበቁን አይጽፈውም፥ እነርሱ ግን ጭረቷን ይጽፋሉ።

የሁለቱን ጠባይ ልብ በሉ። የገንዘብነቱ «ሚ» ከኋላው አንድ ነገር ካልተከተለው መቆም አይችልም፤ ቤቱን ብታነሡበት ንግግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባለ ጭረቱ ግን ከኋላው ምንም ሳይሻ ነገሩን ይፈጽማል። ደግሞ «የእኔ ነው» ሲሉ «ሚዮ» የሚል ቃል አላቸው፤ ነገሩ አንስታይ ሲሆን «ሚያ»፥ ሲበዛም «ሚዮስ» ወይም «ሚያስ» ይሆናል። ግእዝ የተማረ ሰው ዚአየ፥ እንቲአየ፥ እሊአየ ማለትን ያውቃልና ይህ አያስደንቀውም። ተናጋሪው ወንድ ቢሆን ሴት ቢሆን ቃሉ አይመለከተውም፤ መልኩን የሚወስደው ከተያዘው ነገር እንጂ ከያዡ አይደለም። «ዮ»፥ ማለት «እኔ»፥ የሚለው ግን ስለ ማናቸውም ነገር መልኩን አይለውጥም።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ሰው ራሱን በያዘው ነገር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፥ ነገሩ ሲበዛ ይበዛል፥ ሲጐድልም ይጐድላል። በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ያለው ባለጠጋ ፍሬውን፥ ጎተራውን፥ በረከቱን «የእኔ» እያለ ከቈጠረ በኋላ ነፍሱንም ከእነርሱ ጋራ ቈጠራት፤ በዚያችም ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ኢዮብ ግን ከብቱና ልጆቹ ሁሉ በጠፉ ጊዜ የሚያዝንና የሚሰግድ ኢዮብ ቀረ።

ምናልባት፥ «እንግዲያስ ‹የእኔ› ማለት ኃጢአት ነውን? አባት ‹ልጄ› አይበልን?» የሚል ይኖራል። ኃጢአት አይደለም። ሰዋስው «በሬዬ» ለሚለውና «ልጄ» ለሚለው አንድ ዓይነት ዝርዝር ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ በሬው ለባለቤቱ ይሠራል፥ አባት ግን ለልጁ ይደክማል። አንዱ «የእኔ» መግዛት ነው፥ ሁለተኛው አደራ ነው። ይህን ልዩነት ቋንቋው አያስታውቅምና፥ ጭረቷን የሚያኖር የተናጋሪው ልብ ነው።

የእስጳንያ ሰዎች ግሡ ራሱ ተናጋሪውን ስለሚያሳይ «ዮ» የሚለውን ብዙ ጊዜ ይተዉታል። ራሳቸውን ከሌላ ሰው ጋራ ሲጠሩም «ወንድሜና እኔ» ማለትን ጨዋነት ያደርጉታል፤ እኛ «እኔና ወንድሜ» እንላለን። በአነጋገር ወግ ሕዝብ ከሕዝብ አይበላለጥም፤ ነገር ግን ወንድምን አስቀድሞ ራስን ማስከተል በቃል ብቻ ሳይሆን በማዕድና በርስት ክፍያም ቢለመድ መልካም ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ «የእኔ» የምትለውን ሁሉ አንድ ቀን ለብቻህ ተቀምጠህ ቍጠር፤ ቈጥረህም አንድ በአንድ በልብህ አንሣው። በመጨረሻ በእግዚአብሔር ፊት የሚቆመው፥ ያ የቀረው ነው።